«ሲላበስ» ከየት መጣ? ከተሳሳተ ንባብ የተወለደው የላቲን ስም

ተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ ይሄን ቃል ያውቀዋል። «ሲላበሱ ተቀየረ»፣ «ይሄ ቻፕተር ሲላበሱ ላይ የለም»፣ «ቲቸር ሲላበሱን ሳይጨርስልን ፈተና ደረሰ» እያልን ነው ያደግነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ መርሐ ትምህርት ተብሎ ይጻፋል፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ኮርስ አውትላይን ከሚባለው ጋር ይቀላቀላል፣ ሰው አፍ ላይ የቀረው ግን ሲላበስ ነው።

ታዲያ ኢንተርኔት ላይ በየጊዜው ብቅ የሚል ወሬ አለ፣ «ሲላበስ የሚባል የላቲን ቃል ጭራሽ ኖሮ አያውቅም፣ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው» የሚል። ወሬው መሠረት አለው፣ ግን ነገሩን ከማሳጠሩ የተነሳ ዋናውን ጥሎታል። ስህተቱ የተጀመረው ማተሚያ ቤት ውስጥ አይደለም። «ትክክለኛው» የሚባለው ቃል ራሱ ደግሞ ዘሩ አይታወቅም፣ አጻጻፉ ላይ እንኳን ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። ከመጀመሪያው ጀምረን እንየው።

መጀመሪያ ነገር፣ ሲላበስና ካሪኩለም አንድ ናቸው እንዴ?

አይደሉም። ካሪኩለም፣ ማለትም ሥርዓተ ትምህርት፣ ሰፊው ነው፣ ተማሪው ከታች እስከ ላይ ምን ይማር፣ ለምን ይማር፣ በምን ይመዘን የሚለውን ሁሉ ይይዛል። ሲላበስ የአንድ ትምህርት ዝርዝር ነው፣ ለምሳሌ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ምን ምን ምዕራፍ አለው፣ የቱ ይቀድማል፣ በስንት ፔሬድ ያልቃል የሚለው። ሁለቱም ከላቲን መጡ ይባላል። የካሪኩለም ዘር ምንም ጥያቄ የለበትም፣ «ሮጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፣ «ሩጫ» ወይም «የሚሮጥበት መስመር» ማለት ነበር። ጣጣ ያለው ሲላበስ ጋር ነው።

ታሪኩ የት ነው የሚጀምረው?

አንድ ሰው ቤት መጻሕፍት ሲደረደሩ ነው የሚጀምረው። ሰውየው ሲሴሮ ነው፣ የሮም ፖለቲከኛ፣ ጠበቃና ጸሐፊ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ጠላቶቹ ከአገር አስወጡት፣ ሮም ያለው ቤቱ ፈረሰ፣ ከከተማ ውጪ ያሉት ቤቶቹም ተዘረፉ። በቀጣዩ ዓመት ተመለሰና በ56 ላይ አንቲዩም በሚባል የባሕር ዳር ከተማ (ከሮም በስተደቡብ ነው፣ ዛሬ አንዚዮ ይባላል) ባለው ቤቱ ከጥፋት የተረፉትን መጻሕፍት ማስተካከል ጀመረ።

ሥራውን የያዘለት ቲራኒዮ የሚባል የግሪክ ሊቅ ነው። ይሄ ሰው በጦርነት ተማርኮ ወደ ሮም የመጣ ነው፣ አገሩ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ሳምሱን በሚባለው ከተማ አካባቢ ነበር፣ በኋላ የጂኦግራፊው ጸሐፊ ስትራቦ ራሱ ተማሪው ሆኗል። ሲሴሮ በሥራው በጣም ተደስቶ ለጓደኛው ለአቲከስ ደብዳቤ ጻፈለት፣ ና እና እይ፣ ቲራኒዮ መጻሕፍቶቼን እንዴት አድርጎ እንዳደራጃቸው ታያለህ፣ የተረፉትም ከጠበኩት በላይ ደህና ናቸው አለው። ከዛ እርዳታ ጠየቀ፣ ከመጽሐፍ ሠራተኞችህ ሁለቱን ላክልኝ፣ ቲራኒዮ ለማጣበቅና ለሌላ ሥራ ይጠቀምባቸዋል፣ ሲመጡም ትንሽ ብራና ይዘው ይምጡ፣ ምልክት የሚሠራበት፣ እናንተ ግሪኮች ይመስለኛል እንዲህ የምትሉት አለና አንድ የግሪክ ቃል ጻፈ።

የኛ ጣጣ ያቺ ቃል ናት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አቲከስ ሮማዊ ነው፣ ግን አቴንስ ብዙ ዓመት ስለኖረ ሲሴሮ «እናንተ ግሪኮች» የሚለው በወዳጅነት ነው። ሁለተኛ ደግሞ «ይመስለኛል» የምትለውን እዩዋት። ሲሴሮ ግሪክኛ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ይቺን ቃል ሲጽፍ ግን «ይመስለኛል» ብሎ ነው የጻፈው፣ ማለትም ቃሏ በዛን ጊዜም የባለሙያ ቃል ነበረች፣ መጽሐፍ የሚያደራጁ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠቀሙባት እንጂ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አልነበረችም። የላቲኑን ስም ግን እዛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጦልናል፣ «ኢንዴክስ» ይለዋል፣ ዛሬ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለውን የቃላት ማውጫ የምንጠራበት ያው ኢንዴክስ ነው።

ምልክቱ ምን ነበር የሚሠራው?

የዛን ጊዜ መጽሐፍ እንደ ዛሬው በገጽ የሚገለጥ አልነበረም። ከፓፒረስ የተሠራ ረጅም ጥቅል ነው፣ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይጋደማል፣ ጀርባ የለውም፣ ሽፋን የለውም፣ ስለዚህ ሃምሳ ጥቅል ተደርድሮ ብታዩ የቱ የማን መሆኑን ሳትፈቱት አታውቁም። መፍትሄው ትንሽዬ ቁራጭ ብራና ወይም ፓፒረስ ላይ የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም ጽፎ ጥቅሉ ጫፍ ላይ ማጣበቅ ነው፣ ወደ ውጪ ተንጠልጥሎ ይታያል።

እነዚህ ምልክቶች በግምት ብቻ የምናውቃቸው አይደሉም፣ የተረፉ አሉ። ግብፅ ውስጥ ኦክሲሪንከስ በሚባለው ቦታ አሸዋ ስር ከተገኙት ብዙ የፓፒረስ ቁርጥራጮች መሃል ሶፍሮን የሚባለውን ግሪካዊ ጸሐፊ የሴቶች ትያትር የያዘ ጥቅል ምልክት አለ፣ የባለቅኔው ባኪሊደስም እንደዚሁ። የሶፍሮኑ ላይ ያለው የደራሲው ስምና የሥራው ስም ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። የምዕራፍ ዝርዝር የለውም፣ የትምህርት ዕቅድ የለውም። ስለዚህ የሲላበስ «አያት» ዝርዝር እንኳን አልነበረችም፣ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ነበረች።

እዚህ ጋ የኛ ነገር ስላለ ልጥቀሰው። ሲሴሮ በዚህ ደብዳቤ ለብራና የተጠቀመው ቃል «ሜምብራኑላ» ነው፣ «ሜምብራና» ከሚለው የወጣ ማሳነሻ ነው፣ ብራናዬ ቢጤ እንደማለት። የግዕዝ ቃላትን ዘር ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት የኛው «ብራና» ራሱ ከዚሁ «ሜምብራና» ነው በግሪክኛ በኩል የደረሰን። ስለዚህ በዛች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካሉት ቃላት ሦስቱ ዛሬ አማርኛ ውስጥ አሉ፣ ብራና፣ ኢንዴክስ እና በተጣመመ መንገድ የመጣው ሲላበስ። ሁለቱ ጤነኛ ሆነው ደረሱ፣ አንዱ ብቻ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሆነ።

ቃሉ እንዴት ተበላሸ?

ሲሴሮ የጻፈው ሊሆን ይችላል ተብሎ በአብዛኛው የሚታተመው «ሲቲባስ» ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ መሃል ላይ ያለው «ት» ሁለት ጊዜ ይደገማል። የተበላሸው ደግሞ «ሲላቦስ» ነው፣ እዛም «ል» ሁለት ጊዜ ይደገማል። የላቲን «ት» አንድ ቋሚ መስመር ላይ አግዳሚ ናት፣ «ል» ደግሞ ቋሚ መስመር ብቻ ናት፣ በእጅ ጽሑፍ ላይ አግዳሚዋ ከደበዘዘች ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የኛን ጸ እና ጰ አስቡት፣ ድሮ በተጻፈ ደብዛዛ ብራና ላይ ጰራቅሊጦስ የሚለውን የማያውቅ ሰው ጸራቅሊጦስ ብሎ ቢገለብጠው አይገርምም።

ግን የፊደል መመሳሰል ብቻውን ጉዳዩን አይጨርሰውም፣ ምክንያቱም «ቲ» ብቻ ሳትሆን ቀጥሎ ያለው ድምፅም ነው የተቀየረው። እዚህ ላይ የገልባጩ ጭንቅላት ይገባል። ገልባጩ ሲቲባስ የሚባል ቃል በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፣ በመካከለኛው ዘመን ምዕራብ አውሮፓ ግሪክኛ የሚያነብ ሰው በጣም ጥቂት ነበር። «ሲላባ» የሚለውን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ የቃል ክፍለ ድምፅ ማለት ነው፣ ሰዋስው ሲማር በየቀኑ የሚሰማው ቃል። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ዓይኑ ወደሚያውቀው ሄደ። የድሮ ጽሑፍ የሚያጠኑ ሰዎች ይሄን ጠባይ ስለሚያውቁ አንድ መመሪያ አላቸው፣ ሁለት የተለያየ ንባብ ሲገኝ ከባዱንና እንግዳውን ምረጥ ይላሉ፣ ምክንያቱም ገልባጭ እንግዳውን ወደ ተለመደው ይለውጣል እንጂ የተለመደውን ወደ እንግዳ አይለውጥም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው፣ የገልባጭ ወይስ የማተሚያ ቤት?

ወሬው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የሲሴሮ ለአቲከስ የተጻፉ ደብዳቤዎች ለብዙ ዘመን ተረስተው ነበር። በ1345 (የማወራው ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ ቬሮና ካቴድራል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኛቸው፣ ከደስታው ብዛት ከሺህ ዓመት በላይ ለሞተው ለሲሴሮ ለራሱ ደብዳቤ ጽፎለታል። ያ የቬሮና ቅጂ ዛሬ የለም፣ ፔትራርክ በእጁ የገለበጠውም ጠፍቷል። ዛሬ በእጃችን ካሉት ዋናው በ1393 ለፍሎረንሱ ባለሥልጣን ለኮሉቾ ሳሉታቲ የተገለበጠው ነው፣ ፍሎረንስ ላውሬንቲያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

እንግዲህ በዚህ በ1393 ቅጂ ላይ ያቺ ቦታ ስትታይ «ሲላቦስ» ነው የሚለው። ማተሚያ ጣሊያን ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ደብዳቤዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተሙት በ1470 ሮምና ቬኒስ ውስጥ ነው፣ ከዛ ወዲያ ከወጡት የጥንት ሕትመቶች አንዳንዶቹ የቃሏን ሁለተኛ ፊደል የግሪክ ቃል እንዲመስል ለውጠው አተሟት። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶቹ ስህተቱን አልፈጠሩትም፣ ያገኙትን ስህተት ነው ያባዙት። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፣ በእጅ ጽሑፍ ያለ ስህተት አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፣ የታተመ ስህተት ግን በአንዴ በመቶዎች ሆኖ ይበተናል፣ መምህሩም ተማሪውም መዝገበ ቃላት አዘጋጁም እጅ ይገባል።

ቀጥሎ የመጡት አርታኢዎች ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመሩበት። ሲሴሮ «እናንተ ግሪኮች የምትሉት» ካለ ቃሉ ግሪክ መሆን አለበት አሉና ሲላቦስን በግሪክ ፊደል ጻፉት፣ ከዛም «ሰበሰበ፣ አንድ ላይ ያዘ» የሚል የግሪክ ግስ አለ፣ ከዛ የወጣ ነው ብለው ፍቺ ሰጡት። በዚህ ሂሳብ ሲላቦስ «ስብስብ፣ ዝርዝር» ማለት ሆነ። ፍቺው አሳማኝ ነው፣ ለዛ ነው የቆየው። ግሱም እውነተኛ ግስ ነው፣ ሲላባ ራሱ የወጣው ከእሱ ነው። ሲላቦስ የሚባል የግሪክ ስም ግን በዚህ ትርጉም የተጠቀመበት የጥንት ግሪካዊ የለም።

ግራመሩ ላይ ምን ተፈጠረ?

ይሄኛው ክፍል ትንሽ ይከብዳል ግን ሙሉው ምስጢር ያለው እዚህ ነው።

አማርኛ ላይ «መጽሐፎችን» ስንል «ኦች» ብዛትን፣ «ን» ደግሞ ተሳቢነትን ያሳያል፣ ሁለት የተለያዩ ቁራጮች ናቸው። ላቲን ሁለቱን በአንድ መጨረሻ ውስጥ አዋህዶ ነው የሚያሳየው፣ በዛ ላይ መጨረሻው ስሙ ከየትኛው ምድብ እንደሆነ ይናገራል። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልጉን ሁለት ምድቦች ብቻ ናቸው። አንደኛው ምድብ በነጠላ በ«ኣ» ያልቃል፣ አብዛኞቹ ሴቴ ናቸው፣ ብዛት ሆነው ተሳቢ ሲሆኑ በ«ኣስ» ያልቃሉ። ሁለተኛው ምድብ በነጠላ በ«ኡስ» ያልቃል፣ አብዛኞቹ ወንዴ ናቸው፣ ብዛትና ተሳቢ ሲሆኑ በ«ኦስ» ያልቃሉ።

አሁን ወደ ሲሴሮ ተመለሱ። እሱ የጻፈው «እንዲህ ብላችሁ የምትጠሯቸውን» ስለሆነ ቃሏ የገባችው በብዛትና በተሳቢ መልኳ ነው። ሲቲባስ ከሆነ ነጠላው ሲቲባ ነው፣ ሴት። ሲላቦስ ከሆነ ግን ነጠላው ሲላቡስ ነው፣ ወንድ። አንድ «ኣ» ወደ «ኦ» ስትቀየር ቃሉ ጾታውንም ምድቡንም ነጠላ ቁጥሩንም ቀየረ ማለት ነው።

ደግሞ ይሄን አስተውሉ፣ «ሲላቡስ» የሚለው ነጠላ መልክ ደብዳቤው ውስጥ የለም። የተበላሸው ቅጂ ላይ እንኳን ያለው ሲላቦስ ነው። ሲላቡስን የፈጠሩት በኋላ የመጡ አንባቢዎች ናቸው፣ በደንቡ ወደ ኋላ ቆጥረው። ደንቡን በትክክል ነው የተጠቀሙት፣ ግን የተነሱበት ቃል የተሳሳተ ነበር። በእንግሊዝኛ አፍ ሲላቡስ ሲላበስ ሆነ፣ እኛ ጋ የደረሰው በዛ በኩል ነው።

ሲሴሮ ይሄን ቃል ሌላ ቦታ አልተጠቀመም?

ተጠቅሟል፣ ስህተቱም የታወቀው በዚህ ነው። በዚያው ሰሞን ለአቲከስ በጻፋቸው ሁለት ሌሎች ደብዳቤዎች ላይ ቃሏ ትመለሳለች። አንዱ ላይ ሰዎችህ ቤተ መጻሕፍቴን በመደርደሪያና በምልክት አሳመሩልኝ፣ አመስግናቸው ይላል። ሌላው ላይ ቲራኒዮ መጻሕፍቴን ካስተካከለልኝ ወዲህ ቤቴ አእምሮ የተጨመረለት ይመስላል ይላል፣ ያንተ መደርደሪያዎች ምልክቶቹ መጻሕፍቱን ካደመቁልኝ በኋላ የሚያምሩትን ያህል የሚያምር ነገር የለም ይላል። ከስደት ተመልሶ ቤቱ ፈርሶ ያገኘ ሰው ነው ይሄን የሚለው፣ እኔ ይቺን ደብዳቤ ሁሌም ወዳታለሁ።

ቅጂዎቹ በነዚህ ሁለት ቦታዎች የያዙት አጻጻፍ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ሲላቦስ ለሦስቱም ቦታ እንደማይስማማ ይታያል። የኋላ አርታኢዎች ወደ ሲቲባ የተመለሱት በዚህ መንገድ ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስስ ተጠቅሞበት የለም?

ይሄ ለረጅም ጊዜ እንደ ሁለተኛ ማስረጃ ሲቀርብ የኖረ ነው፣ ድሮ ስለ ቃሉ የተጻፉ ነገሮች ላይ ታገኙታላችሁ። አውግስጢኖስ በኑዛዜዎቹ 13ኛ መጽሐፍ ላይ ስለ መላእክት ሲናገር የእግዚአብሔርን ፈቃድ «ያለ ጊዜ ሲላቢስ» ያነባሉ ይላል። ሲላበስ ፈላጊዎች «ይኸው!» አሉ።

ግን እዚህ ላይ የላቲን ግራመር ያታልላል። ቅድም ያየናቸው ሁለቱ ምድቦች በዚህኛው አገባብ ብዛት ሲሆኑ ሁለቱም በ«ኢስ» ነው የሚያልቁት። ሲላባም ሲላቡስም «ሲላቢስ» ይሆናሉ፣ በመልክ አይለዩም። የሚለየው ሐሳቡ ነው፣ ሐሳቡ ደግሞ ግልጽ ነው፣ ሰው ሲያነብ ክፍለ ድምፅ በክፍለ ድምፅ ነው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ መላእክት ግን ይሄ አያስፈልጋቸውም ነው የሚለው። ሲላባ ነው እንጂ ዝርዝር ምናምን አይደለም።

እሺ፣ ትክክለኛው ሲቲባስ ከየት መጣ?

አይታወቅም። የቃላት ዘር የሚያጠኑ መጻሕፍት «ምንጩ ያልታወቀ» ብለው ነው የሚያልፉት። የድሮ የግሪክ መዝገበ ቃላት ላይ ይሄን የሚመስል ቃል ከቆዳ ልብስ ጋር ተያይዞ ይገኛል፣ ከቆዳ ወደ ቁራጭ ብራና የሚወስድ መንገድ ሊኖር ይችላል፣ ግን ከዛ በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ የግሪክ ሥርወ ግስ የለም።

በዛ ላይ ተቀናቃኝ አለ። አንዳንድ ሊቃውንት ሲሴሮ የጻፈው ሲቲባስ ሳይሆን «ሲሊቦስ» ከሚለው የወጣ ነው ይላሉ፣ ይሄኛው «ል» ያለው ነው፣ ወንዴ ነው። ፓፒረስ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬ ከግብፅ የወጡትን ምልክቶች የሚጠሩት በዚሁ በሲሊቦስ ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል «ሲሊቦን» የሚባል የግሪክ ቃልም አለ፣ ኮሸሽላ መሳይ እሾሃማ ተክል ነው፣ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ ይሄንኑ ይዟል። የተክሉና የምልክቱ ስም ዝምድና ግን በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ፊደል «ት» ነው ወይስ «ል»፣ ሴት ነው ወይስ ወንድ፣ ይሄ ሁሉ ክርክር ክፍት ነው። ኢንተርኔቱ ላይ «ትክክለኛው ይሄ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ ከግማሽ በላይ የሆነውን ታሪክ ዘሎታል።

ታዲያ እንዴት ዓለምን ዞረ?

በላቲን ይጽፉ የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንት ተቀበሉትና «ማውጫ፣ ዝርዝር» በሚል ትርጉም ይጠቀሙበት ጀመር። እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ በ1656 ቶማስ ብላውንት አስገባው፣ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ማውጫ ብሎ ነው የፈታው። ያኔ ከትምህርት ቤት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ቀስ በቀስ የተከታታይ ሌክቸሮች ርዕሶች ዝርዝር ሆነ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ደግሞ ዛሬ የምናውቀውን የትምህርት ትርጉም ያዘ።

በዛው ዘመን በጣም ታዋቂ ያደረገው ግን ትምህርት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው። የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 9ኛ በታኅሣሥ 8 ቀን 1864 ስህተት ናቸው ያሏቸውን 80 አስተሳሰቦች ዘርዝረው አወጡ፣ ሰነዱ ስሙ «የስህተቶች ሲላበስ» ነው፣ አውሮፓን በሙሉ አነጋግሯል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ለምሳሌ የኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ ፒዲኤፉን ስትከፍቱ መጀመሪያ ላይ ሲላበስ የሚል ርዕስ ያለው ማጠቃለያ አለ። ይሄ ዳኞቹ የጻፉት አይደለም፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ መዝጋቢ ቢሮ ለአንባቢ እንዲመች የሚያዘጋጀው ነው፣ የውሳኔው አካል እንዳልሆነም እዛው ተጽፏል፣ የ1906 ፍርድ ተጠቅሶ። ስለዚህ «ፍርድ ቤቱ እንዲህ አለ» ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ወደ ውሳኔው ራሱ ውረዱ፣ ብዙ ሰው ሲላበሱን ነው ጠቅሶ የሚከራከረው።

እንዲህ ከስህተት የተወለደ ሌላ ቃል አለ?

አለ። ስኮትላንድ ውስጥ ያሉት የግራምፒያን ተራሮች ስማቸው የመጣው የሮሙ ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ከጻፈው የጦር ሜዳ ስም ነው፣ ትክክለኛው ግራውፒየስ ነው፣ 15ኛው ክፍለ ዘመን ሕትመት ላይ ግራምፒየስ ሆኖ ወጣ፣ ተራሮቹ በዛው ተጠሩ። በ1934 የወጣው የዌብስተር እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ደግሞ «ዶርድ» የሚል ቃል ገብቶ ነበር፣ ፍቺው «ዴንሲቲ» ተብሎ፣ የአንድ ምህጻረ ቃል ማስታወሻ እንደ ቃል ተነብቦ ነው፣ በ1939 ነው የተነቃበት። እንዲህ ያሉትን እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ስኪት በ1886 «ጎስት ወርድ» ብሎ ሰየማቸው፣ መዝገብ ላይ የሚታይ ግን ሰው አፍ ላይ ኖሮ የማያውቅ ቃል ማለቱ ነው።

ዶርድ ጎስት ወርድ ነው፣ ማንም ተናግሮት አያውቅም። ሲላበስ ግን በኔ እይታ ከዚህ ምድብ ከወጣ ቆየ። ከ300 ዓመት በላይ ሰው ጽፎበታል፣ ተምሮበታል፣ ተፈትኖበታል። ጥንታዊ ላቲን አይደለም ማለት ትክክል ነው፣ ቃል አይደለም ማለት ግን ስህተት ነው።

ብዙ ቁጥሩስ ምንድነው?

እንግሊዝኛ ላይ ሁለት አለ፣ «ሲላባይ» እና «ሲላበሰስ»፣ ሁለቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ ናቸው። ሲላባይ የሚሉት በሁለተኛው ምድብ ደንብ ሄደው ነው፣ ቃሉ እውነተኛ የላቲን ስም ቢሆን ኖሮ እንደዛ ነበር የሚሆነው። ስህተት መሆኑን ካወቅን በላቲን ደንብ ማብዛት የለብንም የሚሉ አሉ፣ እኔ ይሄ ክርክር አያሳምነኝም፣ ምክንያቱም በላቲን የጻፉት የአውሮፓ ሊቃውንት ራሳቸው የሁለተኛ ምድብ ስም አድርገው ነው የተገለገሉበት። ጥናት ወይም ፕሮፖዛል በእንግሊዝኛ ስትጽፉ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ በ«ኣስ» ወይም «ኧስ» የሚያልቅ የላቲን ቃል ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ ነው። ካምፓስ ሁለተኛ ምድብ ነው፣ በላቲን ሲበዛ ካምፒ ይሆናል። ኮርፐስ ግን ሌላ ምድብ ነው፣ ኮርፖራ ነው የሚሆነው። ስታተስ አራተኛ ምድብ ስለሆነ ሲበዛም አጻጻፉ ያው ነው። ቫይረስ በላቲን መርዝ ማለት ነበር፣ ወንዴም ሴቴም ያልሆነ ስም ነው፣ የጥንት ሮማውያን በብዛት የጻፉበት ቦታ አልተገኘም። አውቶብስ ላይ ያለው «ብስ» ደግሞ ስም እንኳን አይደለም፣ «ለሁሉም» ከሚለው «ኦምኒቡስ» የተቆረጠ የአገባብ መጨረሻ ነው።

በአማርኛ ይሄ ሁሉ አያስፈልገንም። ቃሉ አንዴ ከገባ በኛ ደንብ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ሲላበስ፣ የታወቀው ሲላበሱ፣ ሲበዛ ሲላበሶች። «ሲላባዮች» እያሉ የሚጽፉ አሉ፣ ያ የእንግሊዝኛውን ብዛት ከነብዛቱ ወስዶ ሁለተኛ ማብዛት ነው፣ ሲላበሶች በቂ ነው።